ያጊ ብቻውን አልሠራውም

ክቡር አዘጋጅ፣

ሰሞኑን በጋዜጣችሁ ስለ ጃፓናዊው ፕሮፌሰር ሂዴትሱጉ ያጊና በስሙ ስለሚጠራው፣ በየጣሪያው ስለምናየው ባለ ብዙ ዘንግ የቴሌቪዥን አንቴና የወጣውን ጽሑፍ ደግሜ አነበብኩት። እኔ አሁን ኤሌክትሮኒክስ የማስተምር፣ ቀድሞ ደግሞ እዚሁ ደብረ ብርሃን ከጣሪያ ጣሪያ እየወጣሁ የቴሌቪዥን አንቴና በመትከል ኑሮዬን የገፋሁ ሰው ስለሆንኩ ነገሩ ይመለከተኛል። ጸሐፊው ደክሞበታል፤ ይመስገን። ነገር ግን አንቴናውን አብሮት የሠራው የሺንታሮ ኡዳ ስም ከዳር እስከ ዳር አልተነሣም። የያጊን አንቴና ያለ ኡዳ መተረክ ታሪኩን በአንድ እግር ማቆም ነው።

ያጊ ትልቅ መምህር መሆኑን አልክድም። በ1886 (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኦሳካ ተወለደ፤ ቶኪዮ ተማረ፤ ከዚያ ጀርመን አገር ድሬስደን ሄዶ ከባርክሀውዘን ዘንድ ተቀመጠ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ወደ ለንደን ዞሮ የመጀመሪያዋን የሬዲዮ ቫልቭ ከሠራው ከፍሌሚንግ ጋር፣ ቀጥሎም አሜሪካ ሃርቫርድ ከፒርስ ጋር ሠራ። በዘመኑ ስለ ሬዲዮ አዋቂ የተባሉትን በየደጃቸው እየሄደ ጠየቀ ማለት ነው። ኋላም በጃፓን ሴንዳይ ከተማ በሚገኘው ቶሆኩ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ ወጣቶችን በዙሪያው ሰበሰበ።

ከወጣቶቹ አንዱ ኡዳ ነበር። የአንቴናውን ዘንጎች እያስረዘመና እያሳጠረ፣ እያራቀና እያቀረበ፣ ሞገዱ ወዴት እንደሚበረታ በሙከራ የለካው እርሱ ነው። በ1926 ሁለቱ በጋራ አጭር ጽሑፍ በእንግሊዝኛ አቀረቡ፤ የሙከራውን ዝርዝር ግን ኡዳ በተከታታይ ያሳተመው በጃፓንኛ ነበር። ከጃፓን ውጭ ማን ሊያነበው? ፓተንቱ (የፈጠራ መብት ማረጋገጫው) የወጣው በያጊ ስም ነው። በ1928 ደግሞ ያጊ በአሜሪካ የሬዲዮ መሐንዲሶች መጽሔት ላይ በእንግሊዝኛ ጻፈ፤ አንቴናው በእርሱ ስም ብቻ መጠራቱ የመጣው ከዚህ ነው። ሰረቀው እያልኩ አይደለም። በዚያው ጽሑፍ የኡዳን ሥራ በስሙ ጠቅሶ አመስግኗል። አንባቢው ግን ከርእሱ ሥር ያለውን ስም ይዞ ሄደ፤ የእናንተም ጸሐፊ እንደዚያው።

ኡዳ የለፋበት ነገር ምን ያህል ረቂቅ እንደሆነ ላሳያችሁ። ወደ ቴሌቪዥኑ የሚወርደው ገመድ የሚያያዘው ከአንድ ዘንግ ጋር ብቻ ነው። የቀሩት ዘንጎች ሽቦ የሚባል ነገር አይነካቸውም። «ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ለጌጥ ነው?» ብሎ የማይጠይቅ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም። የጣቢያው ሞገድ 200 ሜጋኸርትዝ፣ ማለትም በሰከንድ 200 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ቢሆን የሞገዱ ርዝመት 1.5 ሜትር ነው፤ ገመድ ያለበት ዘንግ የዚያን ግማሽ፣ ከ75 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ያነሰ ይሆናል። ከኋላው የሚቆመው ሪፍሌክተር ትንሽ ይረዝማል፤ ከፊት የሚደረደሩት ዳይሬክተሮች ትንሽ ያጥራሉ። ሞገዱ በእነዚህ ላይ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል፤ እነርሱም መልሰው ሞገድ ይረጫሉ። ርዝመታቸው ስለሚለያይ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል፤ ከፊት የመጣው እርስ በርሱ ይደጋገፋል፣ ከኋላ የመጣው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ክፍል ውስጥ ረጅሙን ዘንግ ከኋላ ነቅዬ ከፊት አስገባዋለሁ። ምስሉ ወዲያው ይጠፋና ስክሪኑ ነጭ ነጥብ ብቻ ይሆናል። ተማሪዎቹ ከዚያ በኋላ ስለ ጌጥ አያነሡም።

አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ «መጣ?» ሲል ከቤት ውስጥ «አልመጣም! መለስ አድርገው! አለፈ!» እየተባለ ስንት ምሽት እንዳለፈ የእኔ ዕድሜ ሰው ያውቀዋል። ያ ሁሉ ጩኸት አንቴናው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አጥርቶ ስለሚሰማ ነው፤ ሴንዳይ ላይ ሲፈለግ የነበረውም ይኸው ነው።

የሚገርመው ጃፓኖቹ ራሳቸው ለነገሩ ቸል ማለታቸው ነው። በየካቲት 1942 ሲንጋፖርን ሲይዙ በአንድ እንግሊዛዊ የራዳር ወታደር ማስታወሻ ላይ «ያጊ» የሚል ቃል ደጋግመው አገኙ፤ ትርጉሙ ስላልገባቸው ምርኮኛውን ጠየቁት። የራሳችሁ ፕሮፌሰር ስም ነው አላቸው። እዚያም ቢሆን ልብ በሉ፣ ኡዳ የለም።

ያጊ በ1946 የኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1956 የአገሩን የባህል ኒሻን ተቀበለ። ኡዳ በማስተማሩ ቀጠለ፤ በ1950ዎቹም ኒው ዴልሂ ድረስ ሄዶ ሠርቷል። ሁለቱም ያረፉት በ1976 ነው፣ ያጊ በጥር፣ ኡዳ በነሐሴ። ዛሬ ደህና የምህንድስና መጻሕፍት «ያጊ ኡዳ አንቴና» ብለው ነው የሚጽፉት። እናንተም በቀጣዩ እትማችሁ በሁለት መስመር እርማት ብታወጡ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከጽሑፉ ጎን ያወጣችሁት ፎቶግራፍ የሳተላይት ሳህን ነው፤ ከያጊም ከኡዳም ጋር አይገናኝም። ፎቶግራፍ አንሺያችሁ ወደ ደብረ ብርሃን ብቅ ካለ ትክክለኛውን አንቴና የማሳየው እኔ ነኝ፤ የዛገም ቢሆን በየቆርቆሮው ላይ ሞልቷል።

ከአክብሮት ጋር
የኤሌክትሮኒክስ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን