አባዬ፣ ጀልባው ላይ ቦታ ይዤልሃለሁ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ደሴ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ጠንክሯል። ሥራም እንደተለመደው ነው።

በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ግን አንተ «እ?» ስትል፣ እኔ ስጮህ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ አንተ ብቻ ሳትሰማ ልትቀር ነው። ወሬውም ቢሆን ቀድሞኝ ደርሷል። «ልጅህ ሐይቅ ውስጥ ስትዋኝ ታየች» ብለውህ፣ እትዬን «ይቺን ልጅ ምን ነካት?» ብለሃታል አሉ። ምንም አልነካኝም አባዬ። እየተዘጋጀሁ ነው። ጥቅምት ላይ ሐይቅ ከተማ ያለውን ሐይቃችንን ከዳር እስከ ዳር በዋና ላቋርጠው ነው። ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

በል እንግዲህ፣ እዚህ ላይ መነጽርህን አውልቀህ ወረቀቱን እንዳታስቀምጠው። ጨርሰህ አንብብና ከዚያ ተቆጣ።

ባሕር የሚባል ነገር እንዳለ የነገርከኝ እኮ አንተ ነህ። ከባቲ ሚሌ፣ ከሚሌ ማንዳና ቡሬን አልፈህ አሰብ ስትደርስ፣ ጭነት ተራህ እስኪደርስ ባሕሩ ውስጥ ትገባ ነበር። «ውሃው ራሱ ይሸከማል» ስትለን እኔና ወንድሜ አናምንህም ነበር። ልክ ነበርክ። ጨው ያለበት ውሃ ከባድ ስለሆነ ሰውን ወደ ላይ ይገፋል። የእኛ ሐይቅ ግን እንደ አሰብ አይሸከምም። እግር ይሰምጣል። እግር ሲሰምጥ ደግሞ ሰውነት ቀጥ ብሎ መሄዱን ትቶ ውሃውን እየገፋ ይሄዳል፤ ጉልበት በከንቱ ያልቃል። መላው ጭንቅላትን ዝቅ ማድረግ ነው። ፊትህ ወደ ታች ሲያይ ዳሌህ ከፍ ይላል። ቀና ብለህ ልንሳፈፍ ስትል ነው የምትሰምጠው።

ዋናውን የተማርኩት እዚሁ ኮምቦልቻ፣ አንድ ሆቴል መዋኛ ገንዳ ውስጥ ነው። አስተማሪዬ መጀመሪያ እጅ መወርወር ያሳየኛል ብዬ ስጠብቅ፣ የገንዳውን ጠርዝ አስይዞ ትንፋሽ ሲያስቆጥረኝ ከረመ። ሰው ፊቱን ውሃ ውስጥ ሲከት አየሩን አፍኖ ይይዛል። ከዚያ ቀና ሲል ማስወጣቱም ማስገባቱም በአንድ ቅጽበት ይሆንበትና ይታፈናል። ስለዚህ ፊትህ ውሃ ውስጥ እያለ በአፍንጫና በአፍ ቀስ እያልክ ታስወጣለህ። አፍህ ከውሃ ሲወጣ የቀረህ ሥራ ማስገባት ብቻ ነው። ይሄን ከለመድክ ፍሪ ስታይል የሚሉት፣ እጅ እያፈራረቁ የሚዋኙት ዋና ግማሹ አለቀ። እግሬንም ብዙ አላራግብም። ረጅም ርቀት የሚዋኝ ሰው እግሩን ለሚዛን ያህል ብቻ ይመታል፤ ትልልቆቹን የእግር ጡንቻዎች ካሠራሃቸው አየሩን እነሱ ይጨርሱታል። ሐይቅ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,900 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ቀጭን ነው። በቁጠባ ነው የሚኬደው።

ገንዳና ሐይቅ ግን ለየቅል ናቸው። ገንዳ ውስጥ ግድግዳውን በእግርህ እየረገጥክ ትወነጨፋለህ፤ ወለሉ ላይ መስመር አለ፤ ሲደክምህ ትቆማለህ። ሐይቅ ውስጥ ግድግዳም መስመርም የለም። ሁሉም ሰው አንዱ እጁ ስለሚበረታ ሳያውቀው ይታጠፋል። ስለዚህ ጥቂት እጅ በወረወርኩ ቁጥር ዓይኔን ብቻ ከውሃው አውጥቼ ወዲያ ማዶ ያለ አንድ ነገር አያለሁ። እኔ የማየው ከዳርቻው ከፍ ብሎ የተተከለ ባሕር ዛፍ ነው። አንገትህን ሙሉ ካነሳህ እግርህ ይወርዳል፤ ስለዚህ ዓይንህ ከውሃው እስኪወጣ ብቻ ነው። ወዲያው ፊትህን ወደ ጎን አዙረህ ትተነፍሳለህ። ማዕበል ካለ ባሕር ዛፉን ባታየውም እንዳየህ ሆነህ ትቀጥላለህ። ውሃው ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም በሆድህ ነው የምታውቀው። ትንሽ እልፍ እንዳልክ ከሥርህ ቀዝቃዛ ውሃ ይመጣል፤ ታች ደግሞ ጨለማ ነው። ጥልቀቱ በአንዳንድ ቦታ ከ80 ሜትር ያልፋል። መጀመሪያ ሰሞን ይሄ ያስጨንቀኝ ነበር። አሁን ግን ሁለት ሜትርም ሆነ ሰማንያ፣ የምዋኘው ላዩን ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

መንገዴንም በደንብ አስቤበታለሁ። የእስጢፋኖስ ገዳም ባለበት በኩል አልጠጋም። ሴት የማትገባበትን ገዳም በዋና ልብስ ሆኜ በውሃ በኩል ልጠጋው? አንተም ሳትሆን መነኮሳቱ ናቸው የሚቆጡኝ። የምነሳው በማለዳ ነው። ረፋዱ ላይ ነፋሱ ይነሳና ውሃው ይታወካል። በሐምሌና በነሐሴ ጭራሽ አልገባም። የወሎን ክረምት መብረቅ ላንተ አልነግርህም።

እትዬ ስለ ቢልሃርዚያ፣ በውሃ ስለሚተላለፈው የትል በሽታ፣ ያነሳችው እውነት ነው፤ እሷን አትቆጣት። ትሉን የምታስተላልፈው ቀንድ አውጣ የምትኖረው በዳር፣ ቄጠማ ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው። ትሉ በብዛት ውሃ ውስጥ የሚለቀቀውም ፀሐይ በርታ ስትል ነው። ስለዚህ ከጀልባ ላይ ሆኜ ከዳር ራቅ ብዬ እገባለሁ፤ ስወጣም ወደዚያው ነው። ከዚያም ጤና ጣቢያ እመረመራለሁ፤ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው። እሱም ትሉ ካደገ በኋላ ስለሆነ የሚሠራው፣ ዛሬ ዋኝቶ ዛሬ መዋጥ ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብርዱ።

አንተ የጦሳን ተራራ ብርድ ታውቃለህ። የውሃ ብርድ ግን ሌላ ነው። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ በፍጥነት ይወስዳል። ስትገባ «ምንም አይልም» ያልከው ውሃ፣ ሁለት ሰዓት ስትቆይበት ይበላሃል። የሰው ሙቀት ከ37 ወርዶ ከ35 ዲግሪ በታች ሲሆን ነገር ይበላሻል። ችግሩ ደግሞ የበረደው ሰው ራሱ አያውቀውም። መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ምላሱ ይተሳሰራል፣ እጁ ይዘገያል፣ የምትጠይቀውና የሚመልስልህ አይገናኝም። «ደህና ነኝ» ይልሃል፤ ደህና አይደለም። መንቀጥቀጡን ሲያቆም ተሻለው ማለት አይደለም፤ ባሰበት ማለት ነው። ከወጣም በኋላ ከእጅና ከእግር የሚመለሰው ቀዝቃዛ ደም ሙቀቱን ለጊዜው ወደ ታች ይጎትተዋል። ስለዚህ ወዲያው እርጥቡን አውልቆ፣ ደርቆ፣ ተጠቅልሎ መቀመጥ ነው። ሙቅ ሻወር ውስጥ ሮጦ መግባት አይሆንም። ባለፈው ደሴ ስመጣ ጠዋት ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ ስታጠብ «አበደች» ያላችሁኝ ለዚህ ነበር። ሰውነት ይለምዳል፤ ግን እስከ ልክ ነው።

እንግዲህ ያን ምልክት የሚያይ ሰው ጀልባው ላይ ያስፈልጋል። የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ከነቀዛፊው ተስማምቻለሁ። ቀዛፊው ሐይቁን ያውቃል፤ እኔን ግን አያውቀኝም። ጓደኛዬን ይዤ እሄዳለሁ ብዬ ነበር። እሷ ደግሞ «ውጪ» ብላ እኔን ማዘዝ አትችልም፤ በሁለት ቃል አሳምኛት እቀጥላለሁ። አንተን ግን ማን ያሳምንሃል?

ያኔ በተሳቢ ስትሄድ ያለ ረዳት አትነሳም ነበር። ቁልቁለት ላይ ታኮ የሚይዘው፣ ጎማ የሚያየው፣ ሾፌሩ እንቅልፍ ሲወስደው ቆንጥጦ የሚቀሰቅሰው እሱ ነው ትል ነበር። ረጅም ዋና ላይ ጀልባ ላይ የሚቀመጠው ሰው ያ ነው። ዋናተኛው ሰዓት አያይም፤ ርሃቡን አያውቅም፤ አቅጣጫውን ይስታል። ረዳቱ በየ30 ደቂቃው መጠጡን በገመድ ያቀብለዋል፤ እጁን ስንት ጊዜ እንደወረወረ ይቆጥርለታል፤ ሲያስፈልግ ያስወጣዋል።

የምታቀብለኝ ምን መሰለህ? በሶ። ፈረንጆቹ የዱቄት ጣፋጭ ነገር በውሃ በጥብጠው ይጠጣሉ። እኔ ሞክሬ ሞክሬ የእትዬን በሶ በማር ቀጠን አድርጌ፣ ለብ ባለ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ መያዙ ተሻለኝ። ሆድ አይረብሽም፤ ይቆያል። ብቻ ሲቀዘቅዝ ስለሚወፍር ጠርሙሱን በደንብ ናጠው። ተንሳፍፌ ጠጥቼ እቀጥላለሁ፤ ጀልባውን አልይዝም። ወግ ነው እንጂ እዚህ ማንም አይቀጣኝም። ግን እንደ ሕጉ ከሆነ ደስ ይለኛል።

ሕጉ የመጣው ከእንግሊዝና ፈረንሳይ መካከል ካለው ባሕር ነው። በጠባቡ በኩል 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደሴ ሐይቅ ከተማ ካለው መንገድ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1875 ማቲው ዌብ የሚባል የመርከብ ካፒቴን 22 ሰዓት ገደማ ዋኝቶ ተሻገረው። ከሴት የመጀመሪያዋ ገርትሩድ ኤደርሌ ናት። ከአንድ ዓመት በፊት ሞክራ ከጀልባው ሰው ስለነካት ተሰርዞባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926፣ ገና በ20 ዓመቷ፣ ከ14 ሰዓት በላይ ዋኝታ ጨረሰችው። ከእሷ በፊት ከተሻገሩት አምስት ወንዶች ሁሉ ፈጠነች። ይሄን የምነግርህ ለጉራ አይደለም። ያን ቀን ጀልባው ላይ ማን ነበር መሰለህ? አባቷ። ደግሞ እሷም በልጅነቷ በኩፍኝ ምክንያት ጆሮዋ የደከመ ነበር። በአባትና ልጅ መካከል ጆሮ እንዳልከለከለ እወቅልኝ።

ስምምነታችን እንዲህ ይሁን። አንተ እጅህን ከፍ አድርገህ «ውጪ» ካልክ እወጣለሁ። ምክንያት አልጠይቅም፣ አልከራከርም፣ አንድ መቶ ሜትር ቢቀረኝም። እኔ እንደዚህ ቃል ገብቼልህ አላውቅም፤ ለትዳር ስትመክረኝም እንኳ። በምላሹ አንተ ፈርተህ ብቻ አታስወጣኝም። ከንፈሬን አይተህ፣ ስሜን አስጠርተህ፣ የምሠራበትን ጠይቀህ፣ ከተንተባተብኩ ብቻ።

በመጀመሪያ አጭሩን እንሞክር። ሰኔ ሳይገባ በአንዱ እሁድ፣ ቅዳሜ ማታ ደሴ መጥቼ አድራለሁ። ጠዋት በሚኒባስ ወደ ሐይቅ ከተማ እንሄዳለን። ላይፍ ጃኬት ላንተም ተገኝቷል፤ አለብሰውም ብትል ቀዛፊው አይነሳም። ለወገብህ ትራስ እይዛለሁ። ጋቢ አንድ ለአንተ፣ አንድ ለእኔ።

መልስህን በእህቴ ልጅ ስልክ በጽሑፍ አስልክልኝ። እሺ ካልክ ቀኑን ንገረኝ። አይሆንም ካልክ ምክንያቱን ጨምረህ ጻፍ፤ በየተራው እመልስልሃለሁ።

ለእትዬ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። በሶው እያለቀብኝ ነው በላት።

ልጅህ፣
ከኮምቦልቻ