ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ ስለ 1938 የግድግዳ ጋዜጣ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን ልጆቻችሁ ቤት ውስጥ ስለ ቪየና፣ ስለ ፕራግ፣ ስለ ሙኒክ ሲያወሩ ሰምታችሁ ይሆናል። አንዳንዶቻችሁ "ለአንድ ዓመት ታሪክ ይህን ያህል ጊዜ ለምን?" ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ለሁላችሁም ልመልስ።

ልጆቹ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መቼ ተጀመረ ሲባሉ "በ1939፣ ጀርመን ፖላንድን ስትወር" ይላሉ። ልክ ናቸው። ጦርነቱ ከሰማይ ዱብ ያለ የሚመስላቸው ግን ብዙ ናቸው። ስለዚህ የታሪክ መምህራኑ 1938ን (በእኛ 1930 እና 1931 ዓ.ም.) ለአሥራ ሁለት ቡድኖች በየወሩ አካፈሉት። እያንዳንዱ ቡድን የወሩን የግድግዳ ጋዜጣ ያዘጋጃል። አንድ ጥብቅ ሕግ አለ፦ የማርች ቡድን በኤፕሪል የሚሆነውን እንደማያውቅ ሆኖ ነው የሚጽፈው።

የማርች ቡድን ሂትለር ኦስትሪያን ያለ ውጊያ ሲጠቀልል ዘገበ። የጁን ቡድን ወደ ቻይና ሄደ፤ የቻይና መንግሥት የጃፓንን ጦር ለማስቆም የቢጫ ወንዝን ግድብ አፍርሶ ውሃውን በገዛ ሕዝቡ ላይ ለቀቀ።

ከሁሉ ያከራከረው ሴፕቴምበር ነው። ሂትለር፣ ሙሶሊኒ፣ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቻምበርሌይንና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ዳላዲዬ ጀርመን ውስጥ ባለችው ሙኒክ ተቀምጠው ሱዴተንላንድ የተባለውን የቼኮዝሎቫኪያን የድንበር አካባቢ ለጀርመን ሰጡ። የቼኮዝሎቫኪያ መልእክተኞች እዚያው ከተማ ነበሩ፤ ስብሰባው ውስጥ ግን አልገቡም። አገራቸው መቆረሷ የተነገራቸው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። የአንዷ ተማሪ ርዕስ "ባለቤቱ ያልተጠራበት ስብሰባ" ይላል። ቻምበርሌይን ወደ ለንደን ሲመለስ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። ክፍሉ በዚህ ለሁለት ተከፈለ። "ልጆቻቸውን በአንደኛው ጦርነት የቀበሩ ናቸው፣ ሰላም ሲባሉ ለምን አይደሰቱ?" ያሉ ነበሩ። ያንን ሕዝብ ለመረዳት መሞከራቸው በጣም አኩርቶኛል።

የእኛም ስም በዚያ ዓመት ውስጥ አለ። በሜይ አፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ በመንግሥታቱ ማኅበር ምክር ቤት ፊት ቀረቡ። አሟቸው ስለነበር ንግግራቸውን ዲፕሎማታቸው ሎሬንዞ ታእዛዝ አነበቡላቸው። ልመናቸው አባል አገሮች የጣሊያንን ወረራ እንዳያጸድቁ ነበር። እንግሊዝ ግን ኖቬምበር 16 ቀን ጣሊያን ኢትዮጵያን መግዛቷን በይፋ ተቀበለች። አርበኞቻችን በዚያን ጊዜ በሸዋና በጎጃም ጫካ ውስጥ እየተዋጉ ነበር። ሙኒክን ከዚህ ጎን አስቀምጦ የሚያነብ ልጅ ፈተና ላይ ባይጠየቅም ትልቅ ነገር ይዟል ብዬ አምናለሁ።

የኖቬምበር ሥራ ከበድ ይላል። ከ9 እስከ 10 ባለው ሌሊት በጀርመንና በኦስትሪያ ምኩራቦች ተቃጠሉ፣ የአይሁድ ሱቆች ተሰባበሩ፣ 30,000 ያህል ወንዶች ተይዘው ወደ ማጎሪያ ካምፕ ተወሰዱ። የዲሴምበር ቡድን ደግሞ በዚህ ምክንያት ብቻቸውን በባቡርና በመርከብ ወደ እንግሊዝ ስለተላኩት ሕፃናት እየጻፈ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሃሪች ወደብ የደረሱት ዲሴምበር 2 ነው። ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን ዳግም አላዩም። ፎቶዎቹን መምህራኑ መርጠዋል፤ ልጃችሁ ግን ቤት ሲመጣ ዝም ካለ እባካችሁ አብራችሁት ተቀመጡ።

አንድ ልመና አለኝ። ቤታችሁ ስለ ጣሊያን ዘመን ከእናት ከአባታቸው የሰሙ አያት ካሉ፣ ልጆቹ ቁጭ ብለው ይጠይቋቸው። የቆየ ፎቶ ካለም ዋናውን ሳይሆን ኮፒውን ስጧቸው፤ ዋናው እንዳይጠፋ።

ጋዜጦቹ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት በቤተ መጻሕፍታችን ይለጠፋሉ። ጸሐፊዎቹ እያንዳንዳቸው ከጋዜጣቸው ጎን ይቆማሉ። ሳትሳሱ ጠይቋቸው፣ ተከራከሯቸው። አያቶችንም ይዛችሁ ኑ፤ ወንበር አዘጋጅተናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር