ግንባታው ያለቀ ምናባዊ መሬት የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ለምን ለምኑ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በኢንተርኔት ምናባዊ ዓለማት ውስጥ ስለሚካሄደው የመሬት ሽያጭ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ በሚሊዮን ዶላር ስለተሸጡት ቦታዎች በሰፊው ቢያወሳም፣ ለተራው ገዢ ይበልጥ የሚቀርበውን የሽያጭ ዓይነት፣ ማለትም ቤቱ ተሠርቶ፣ መንገዱ ወጥቶ፣ ዛፉ ተተክሎ የሚቀርበውን የለማ ቦታ ሳያነሳው አልፏል። የእኔ ሥራ ሕንፃ ከመገንባቱ በፊት ምን እንደሚመስል በኮምፒውተር በስሪዲ ሠርቶ ለባለቤቱ ማሳየት ሲሆን፣ ይኸው ሙያ ሴኮንድ ላይፍ ወደተባለው የኢንተርኔት ምናባዊ ዓለም ወስዶኝ ለዓመታት ቤት ስሠራበትና የሌሎችን ግዢና ሽያጭ በቅርብ ስከታተል ቆይቻለሁ። በዚህም ምክንያት በጽሑፋችሁ ላይ የምጨምረው አለኝ።

የለማ ምናባዊ መሬት መሸጥ በራሱ ማታለል ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ሙያና ጊዜ የፈሰሰበት ነገር ዋጋ ቢወጣለት ተገቢ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ምናባዊውን ዓለም በሚያስተዳድረው ኩባንያ ሰርቨር (ዓለሙ በሚሠራበት ኮምፒውተር) ላይ የመቆየት ፈቃድ፣ የገንቢው ሥራና በየወሩ የሚከፈለው ኪራይ፣ ሦስቱም የተለያዩ ነገሮች ሆነው ሳለ፣ "የመሬት ዋጋ" በሚል አንድ ቁጥር ተጠቅልለው መቅረባቸው ነው። ገዢው የትኛው በእጁ እንደሚቀር፣ የትኛው ሊወሰድበት እንደሚችልና የትኛው ቦታውን እስከያዘ ድረስ እንደሚያስከፍለው ተለይቶ ሊነገረው ይገባል፤ ዛሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነገረውም።

ሴኮንድ ላይፍን እ.ኤ.አ. በ2003 ለሕዝብ የከፈተው ሊንደን ላብ የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ፣ የሕገ መንግሥታችን ካልሆነ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መሬቱ ሪጅን በሚባል አሃድ ይከፈላል፤ የአንድ ሪጅን እያንዳንዱ ጎን 256 ሜትር፣ ጠቅላላ ስፋቱም 65,536 ካሬ ሜትር ነው። ይህ ሁሉ ስፋት ግን በሰርቨር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም በመሆኑ ኩባንያው ተጨማሪ መሬት ሲፈልግ ተጨማሪ ሪጅን ያስነሳል። መሬቱ የሚያልቅበት ምክንያት ስለሌለ ባዶው ቦታ ለብቻው ብርቅ ሊሆን አይችልም። ቦታን ከቦታ የሚያስመርጠው በላዩ የተሠራው ነገር፣ ጎረቤቱና በአካባቢው የጸናው የግንባታ ደንብ ነው።

ይህን ቀድመው ከተረዱት ሰዎች አንዷ በሴኮንድ ላይፍ አንሺ ቹንግ በሚል ስም የሚታወቁት አይሊን ግራፍ ናቸው። መሬት ከኩባንያው በብዛት እየወሰዱ፣ ምድሩን እየቀረጹ፣ የት ምን ዓይነት ቤት እንደሚቆም ደንብ እያወጡ፣ ከፋፍለው ለነዋሪዎች ያስተላልፉ ነበር። ቢዝነስዊክ መጽሔት በሜይ 2006 የእሳቸውን አቫታር፣ ማለትም በምናባዊው ዓለም የሚወክላቸውን ምስል፣ በሽፋኑ ላይ ያወጣ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በምናባዊው ዓለም ያፈሩት ሀብት ከ1 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ማለፉን አስታውቀዋል። ለዚህ ያበቃቸው ባዶ መሬት ገዝቶ ዋጋው እስኪወጣ መጠበቅ እንዳልነበረ ልብ ይሏል።

በአንጻሩ ኩባንያው ራሱ በሚያስተዳድረውና ነዋሪዎቹ ሜይንላንድ በሚሉት ምድር አብዛኛው ክፍል የግንባታ ደንብ የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ለፍቶ ያማረ ቤት የሠራ ሰው በማግስቱ ከመስኮቱ ፊት ለፊት የሚሽከረከር የማስታወቂያ ሰሌዳ ተተክሎ ሊጠብቀው ይችል ነበር። በዚያ ዓለም ሊያዝ ከሚችለው ቦታ ሁሉ ትንሹን፣ 16 ካሬ ሜትር የሆነችውን ቁራሽ ገዝተው ሰሌዳ የሚያቆሙ፣ ከዚያም የተማረረው ጎረቤት ያችኑ ቁራሽ በብዙ እጥፍ ዋጋ እስኪገዛቸው የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው መንገዱና ሰፈሩ አስቀድሞ ለተሰናዳለት ቦታ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍል ገዢን አይወቅስም። ኩባንያውም ቢሆን ችግሩ ሳይገባው አልቀረም፤ በ2008 በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የነበሩትን የአሜሪካ ከተሞች የሚመስለውን ቤይ ሲቲን ራሱ ቀይሶ፣ ጎዳናዎቹን ሠርቶ፣ በውስጡ ያሉትን ቦታዎች በጨረታ አቅርቧል።

መሬት በጅምላ የሚያቀርበው ድርጅት የለማ ቦታ ቸርቻሪ ሲሆን፣ ከእሱ ወስደው የሚያለሙትን ነጋዴዎች በራሳቸው ገበያ ይፎካከራል። የሰርቨሩን ወጪ፣ የሚወጣውን መሬት መጠንና የጨረታውን ጊዜ የሚወስነው እሱው በመሆኑ ፉክክሩ እኩል አይደለም የሚለው የአልሚዎቹ ስጋት እውነትነት አለው። ሆኖም ለገዢው ያለውን ጥቅም ካየን፣ ኩባንያው ከ2010 ጀምሮ የአባልነት ክፍያ ለሚከፍሉ አባላቱ የሚሰጣቸው ሊንደን ሆምስ የተባሉት ቤቶች ከብዙ የግል ሽያጮች የተሻለ ግልጽነት አላቸው ብዬ አምናለሁ። በ2019 ቤሊሴሪያ በተባለው ክፍለ ምድር የተከፈቱት አዳዲሶቹ ቤቶች በ1,024 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ያረፉ ሲሆን፣ ከአባልነት ክፍያው ሌላ የመግዣ ዋጋ የለባቸውም። ነዋሪው ቤቱን ሊሸጠው አይችልም፤ አባልነቱን ሲተው ቤቱም ይቀራል። ይህ ሁሉ ከመግባቱ በፊት የሚያውቀው ነገር ነው፤ ማንም ባለርስት ሆንክ አላለውም።

በግል ሻጮች ዘንድ ያለው አሠራር ግን ሌላ ነው። አንድ ሰው በሴኮንድ ላይፍ ቦታውን ለገበያ ሲያወጣ በሚከፈትለት መስኮት ዋጋውን ይሞላል፣ ለማንም ወይስ ለአንድ ለተለየ ሰው እንደሚሸጥ ይመርጣል፣ ከዚያም በቦታው ላይ ያሉት ዕቃዎች አብረው ይሸጡ እንደሆነ ይጠየቃል። "አይሸጡም" የሚለውን ከመረጠ ገዢው ሲዞርበት የዋለው ቤት የሻጩ ሆኖ ይቀራል። "ይሸጣሉ" ቢል እንኳ ወደ ገዢው የሚያልፉት የሻጩ የሆኑና ወደ ሌላ ሰው እንዲተላለፉ ሠሪያቸው የፈቀደላቸው ዕቃዎች ብቻ ናቸው። በዚያ ዓለም እያንዳንዱ ዕቃ መቅዳት፣ ማሻሻልና ማስተላለፍ የሚባሉ ሦስት ፈቃዶች አሉት፤ ቤት ሠርቶ የሚሸጥ ባለሙያ ደንበኛው እንዲቀዳው ከፈቀደ ማስተላለፉን ይከለክላል፣ አለበለዚያ አንዱ ገዢ ሺህ ቅጂ አውጥቶ ሊሸጥበት ይችላል። ስለዚህ ከገበያ በተገዛና ማስተላለፍ በተከለከለ ቤት የለማ ቦታ፣ ሻጩ በቅን ልቦና ቢሸጠው እንኳ፣ ቤቱ ለገዢው አይተላለፍለትም። ሻጩ መልሶ ሲወስደው፣ ወይም ገዢው የሌላ ሰው ዕቃ ከቦታው እንዲወገድ ሲያዝ፣ የሚቀረው ሣሩ ብቻ ነው። አንድ የማውቀው ሰው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ የገዛው ግቢ እንዲሁ ባዶውን ቀርቶበታል፤ አቤት ሲልም ሻጩ የሸጠው መሬቱን እንጂ ቤቱን እንዳልሆነ ነገረው፣ ይህም በሥርዓቱ ደንብ ትክክል ነበር።

ሌላው በማስታወቂያ ላይ የማይታየው ነገር የዕቃ መጠን ገደብ፣ ማለትም በአንድ ቦታ ላይ ምን ያህል ዕቃ ማስቀመጥ እንደሚቻል የሚወስነው ጣሪያ ነው። በሜይንላንድ 1,024 ካሬ ሜትር ቦታ የሚሸከመው 351 የዕቃ አሃድ ነው። ቤቱ፣ አጥሩና የአትክልት ስፍራው ከዚህ 300ውን ከበሉት ለገዢው ለአልጋ፣ ለወንበርና ለሌላው ሁሉ የሚተርፈው 51 ብቻ ይሆናል። በፎቶ ይበልጥ ያማረው ቦታ ብዙ ጊዜ ለመኖር ይበልጥ የሚያስቸግረው ነው።

ወደ ኪራዩ ስመጣ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በ2019 በነበረው ተመን አንድ ሙሉ የግል ሪጅን ለመክፈት አንድ ጊዜ የሚከፈለው 349 ዶላር ሲሆን ወርኃዊው ክፍያ 229 ዶላር ነበር፤ ይህም በዓመት 2,748 ዶላር፣ ማለትም ከመነሻው ክፍያ ስምንት እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል አይጎድለውም። እንግዲህ እውነተኛው ዋጋ የትኛው እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። ተመኑም ቢሆን የጸና አይደለም። በኦክቶበር 2008 ሊንደን ላብ ኦፕን ስፔስ የሚባሉትን ቀለል ያሉ ሪጅኖች ወርኃዊ ክፍያ ከ75 ወደ 125 ዶላር እንደሚያሳድግ ባስታወቀ ጊዜ፣ በእነዚያ ላይ ደሴት አልምተው ያከራዩ የነበሩ ሰዎች ስሌታቸው በአንድ ማስታወቂያ ፈረሰ፤ ከብርቱ ተቃውሞ በኋላ ነው ጭማሪው በደረጃ እንዲሆን የተደረገው። ከግል አልሚ የገዛ ሰው ደግሞ ተጨማሪ አደጋ አለበት። በኩባንያው መዝገብ የሪጅኑ ባለቤት አሁንም አልሚው ስለሆነ፣ አልሚው ወርኃዊውን ክፍያ ሲያቋርጥ በሪጅኑ ላይ ቦታ የገዙት ሁሉ፣ የየራሳቸውን ድርሻ በወቅቱ የከፈሉትም ጭምር፣ አብረው ይነቀላሉ።

በኩባንያው ሰርቨር ላይ የመቆየት ፈቃድን በተመለከተ ሊጠቀስ የሚገባው የማርክ ብራግ ክስ ነው። እኚህ የፔንሲልቬንያ ጠበቃ በ2006 ታኤሶት የተባለ ቦታ በ300 ዶላር ገዙ፤ ኩባንያውም የጨረታውን ሥርዓት ያለ አግባብ ተጠቅመውበታል በማለት ሂሳባቸውን ዘግቶ ሌላውንም ንብረታቸውን ያዘባቸው። ዳኛ ኤድዋርዶ ሮብሬኖ በሜይ 2007 በሰጡት ውሳኔ ጉዳዩን በግልግል ብቻ እንዲታይ የሚያስገድደውን የውል አንቀጽ ሚዛናዊነት የጎደለው ነው በሚል ውድቅ አደረጉት። ነገር ግን ሁለቱ ወገኖች በዚያው ዓመት በስምምነት ስለጨረሱ፣ ምናባዊ መሬት የገዛ ሰው ባለቤት ነው ወይስ ባለፈቃድ የሚለው ዋናው ጥያቄ በዚያ ክስ ሳይፈረድበት ቀረ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ልዩነት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ መሬትም እንደማይሸጥ ይደነግጋል። ይኸው አንቀጽ ግን አንድ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ለገነባው ንብረት ሙሉ መብት ይሰጠዋል፤ የመጠቀም መብቱ ሲቋረጥም ንብረቱን የማንሳት፣ የማስተላለፍ ወይም ካሳ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል። በአፈጻጸም ስንት ቅሬታ እንዳለ አውቃለሁ፤ መርሁ ግን መሬቱንና ሥራውን ለያይቶ ማየቱ ትክክል ነው። በምናባዊው ዓለም አልሚዎች ሊወስዱት የሚገባቸው መርህም ይኸው ነው።

በ2021 ዘ ሳንድቦክስ በተባለው ሌላ ምናባዊ ዓለም ሪፐብሊክ ሪልም የተባለ ድርጅት ቪላ የተሠራላቸውን 100 የግል ደሴቶች ለሽያጭ አቅርቦ 90ዎቹ በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዳቸው በ15,000 ዶላር ተሸጡ። በተከታዩ ዓመት የምናባዊ መሬት ገበያ ክፉኛ ሲወድቅ የቪላዎቹ ሥዕል ያው ነበር፤ የወደቀው ሰዎች ለቦታው የሰጡት ግምት ነው። ከ15,000ው ውስጥ ስንቱ ለሠሪው ሙያ፣ ስንቱ ለቦታው እንደተከፈለ ተለይቶ ቢነገር ኖሮ ገዢዎቹ ምን ላይ እየተወራረዱ እንደሆነ ያውቁ ነበር።

ይህን የምጽፈው ስለ ገዢዎቹ ብቻ አስቤ አይደለም። በአገራችን ብሌንደር የተባለውን የስሪዲ መሥሪያ ፕሮግራም በራሳቸው ተምረው ጥሩ ቤት በስሪዲ የሚሠሩ ወጣቶች አሉ፤ ሴኮንድ ላይፍ ከ2011 ጀምሮ በእንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች የተሠሩ ቅርጾችን ይቀበላል። ለእነዚህ ወጣቶች የምመክረው ሥራቸውን ከመሬቱ ለይተው እንዲሸጡ፣ ቤታቸው በሌላ ሰው የመሬት ዋጋ ውስጥ ተሸፍኖ እንዳይቀር፣ ከአልሚ ጋር ሲዋዋሉም ማስተላለፍ የተፈቀደ መሆን አለመሆኑንና ለእያንዳንዱ በተሸጠ ቦታ ስንት እንደሚከፈላቸው በጽሑፍ እንዲያሰፍሩ ነው።

ዝግጅት ክፍሉም በዚህ ጉዳይ ላይ ወደፊት ሲጽፍ ከሽያጩ ዋጋ ጎን ወርኃዊውን ክፍያ እንዲያትም፣ ሻጮችንም ቤቱ አብሮ ይተላለፍ እንደሆነና ሪጅኑ በማን ስም እንደተመዘገበ እንዲጠይቅ በአክብሮት አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የስሪዲ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ