ላባዋን ያረገፈች ዶሮ ለቢላ አትዳረግ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ በቤተሰብ ዓምዳችሁ የወጣው የዶሮ እርባታ ምክር አሳስቦኛል። ዶሮ ሁለት ሳምንት ያህል ዕንቁላል ካልጣለች መኖ በከንቱ ሳትጨርስ ትወገድ ይላል። ዕድሜዬን በጓሮዬ ዶሮ ሳረባ ኖሬያለሁ፤ እያንዳንዷ መቼ መጣል እንደጀመረችና መቼ እንዳቆመች በደብተር እይዛለሁ። ይህን ምክር የተከተለ ሰው ምርጥ ጣይ ዶሮውን በእጁ ያጠፋል። እንዲታረም የምጠይቀው ለዚህ ነው።

ወሰራዋን ልጥቀስ። ከዶሮዎቼ መካከል በጣይነት የሚስተካከላት የለም። ሌሎቹ ላባቸውን ማርገፍ ሲጀምሩ እሷ ገና ትጥላለች። ተራዋ ሲደርስ ግን በአንድ ጊዜ ትራገፋለች፤ መጀመሪያ ራሷና አንገቷ፣ ቀጥሎ ደረቷና ጀርባዋ፣ በመጨረሻ ክንፏና ጅራቷ። በዚያ ሰሞን ያያት ሰው የታመመች ይመስለዋል። ቆዳዋ በየቦታው ይታያል፣ አዲስ የሚያቆጠቁጠው ላባ ውስጡ ደም ስላለው ሲነኳት ያማታል፣ ዕንቁላል ደግሞ ፈጽሞ የለም። ጎረቤቴ አይታት «ይቺስ አበቃላት» ብላኛለች። ደብተሬ የሚለው ሌላ ነው፦ ወሰራዋ ከዚያ ዕረፍት በተመለሰች ቁጥር ዕንቁላሏ ተለቅ፣ ቅርፊቱም ጠንከር ይላል።

ይህ የእሷ ብቻ ጠባይ አይደለም። ጥሩ ጣይ ዶሮ ዘግይታ ጀምራ ላባዋን ቶሎ ትለውጣለች፤ ደካማዋ ቀድማ ትጀምርና ጥቂት በጥቂት እያራገፈች ወራት ትፈጃለች። ልምድ ያላቸው አርቢዎች ዶሮ ሲመርጡ ከሚያዩዋቸው ምልክቶች አንዱ ይኸው ነው። በሁለት ሳምንት ከተመዘኑ ግን ሁለቱም እኩል ይፈረድባቸዋል። ላባ 85 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ መላ ላባዋን የምትተካ ዶሮ በዚያው ላይ ዕንቁላል የምትሠራበትን አቅም ከየት ታመጣለች? ሥራው እንደየዶሮዋ ሁለትና ሦስት ወር ሊወስድ ይችላል።

ወቅቱን የሚነግራት በዋናነት ብርሃን ነው። ብርሃን የራስ ቅሏን አልፎ ይገባል፤ አንጎሏ ውስጥ ያሉ ሕዋሳት የቀኑን ርዝመት ይለኩና የዕንቁላል ማፍሪያዋን የሚያነቃቁ ሆርሞኖች እንዲመነጩ ያደርጋሉ። በሙሉ አቅሟ ለመጣል በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች። ከምድር ወገብ ርቆ 50 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ አጭሩ ቀን 8 ሰዓት ገደማ ስለሆነ እዚያ ያሉ ዶሮዎች ወቅቱ እስኪያልፍ ጨርሰው ቢያቆሙ አይገርምም። በምድር ወገብ አካባቢ የቀኑ ርዝመት ብዙም ስለማይለዋወጥ ሙቀቱ፣ ዝናቡና የመኖው መብዛትና ማነስ የበለጠ ጎልተው ይታያሉ። ላባ መለወጥና መታቀፍ ግን የትም አይቀሩም።

መብራት ጨምሮ ማስጣል ይቻላል። እኔ አላደርገውም፤ ዓመት ሙሉ የጣለች ዶሮ ዕረፍቷ ይገባታል ብዬ አምናለሁ። የሚያደርግ ሰው ካለ ግን ብርሃኑን ከንጋት በፊት፣ ቀስ በቀስ ይጨምር። ማታ መብራት ድንገት ሲጠፋ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ሳይወጡ ጨለማ ይውጣቸዋል።

ሙቀትም አለ። ዶሮ ላብ የላትም፤ አየሩ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ አፏን ከፍታ ታለከልካለች፣ መኖ ትቀንሳለች፣ ቅርፊቱም ይሳሳል። ጥላና ቀዝቃዛ ውኃ ከሁሉም ይቀድማል። ዕንቁላል አብዛኛው ውኃ ነውና ለጥቂት ሰዓት እንኳ ስትጠማ በመጣሏ ላይ ይታወቃል። ልትታቀፍ የተኛች ዶሮም አትጥልም፤ ጫጩት ለማስፈልፈል 21 ቀን፣ ከዚያም ጫጩቶቿን የምታሳድግበት ጊዜ አለ። በዓምዳችሁ መለኪያ ይህችም እናት ጥፋተኛ ናት።

ቢላ ከማንሳት በፊት ዶሮዋን አንስቶ መመርመር ይገባል። የምትጥል ዶሮ ኩክኒ፣ ማለትም ራሷ ላይ ያለው ሥጋ፣ ቀይ፣ ወፍራምና ሞቅ ያለ ነው፤ ያረፈችው ይገረጣል፣ ይኮማተራል። ከኋላዋ፣ ዕንቁላሉ በሚወጣበት ግራና ቀኝ፣ ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች አሉ። በምትጥልበት ጊዜ በመካከላቸው ሁለት ሦስት ጣት ይገባል፤ ስታቆም ይጠባል። እግሯ ቢጫ የሆነች ዶሮ ስትጥል ቢጫው እየደበዘዘ ይሄዳል፣ ስታርፍ ይመለሳል። አጥንቱ ሰፍቶ፣ ኩክኒው ቀልቶ ዕንቁላሉ ከታጣ ደግሞ ቁጥቋጦ ሥር ይፈለግ፤ ደብቃ እየጣለች ይሆናል። ቆጡም በሌሊት በመብራት ይታይ። ቀን ስንጥቅ ውስጥ ተደብቀው ሌሊት ደሟን የሚመጥጡ ጥቃቅን ተባዮች በሙቀት ወራት ይራባሉ፣ ዶሮዋንም ያደክማሉ።

አንገቷን የደፋች፣ ስትተነፍስ ድምፅ የምታሰማ፣ የከሳች ወይም የሚያስቀምጣት ዶሮ ጉዳይ ግን የወቅት አይደለም። እሷን ከሌሎቹ ለይቶ ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ነው።

በሚቀጥለው እትማችሁ ሁለት ሳምንት የሚለውን ምክር እንድታነሡና በቦታው የኩክኒውንና የአጥንቱን ምርመራ እንድታወጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ላባ የምታረግፍ ዶሮ ላላቸው አንባቢዎችም ፕሮቲኑ ከፍ ያለ መኖ እንዲሰጧትና አዲሱ ላባ እስኪሸፍናት በእጅ እንዳያንገላቷት ብትነግሯቸው ደስ ይለኛል።

አክባሪያችሁ፣
የጓሮ ዶሮ አርቢ አንባቢያችሁ