በርበሬና ሽሮ በትእዛዝ ብቻ የምንፈጭበትን ምክንያት ለማስረዳት ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከዓቢይ ጾም መግቢያ በፊት ደብረ ብርሃን ወደሚገኘው ሱቃችን መጥታችሁ «የተፈጨ የለም» ተብላችሁ ለተመለሳችሁ ሁሉ፣ ስለደረሰባችሁ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። ይሁን እንጂ «ደንበኛ ሲበዛላቸው ናቁን»፣ «ዓመት ይቆይ የነበረው 4 ወር ብቻ ከተባለ ጥራቱ ወርዷል» የሚሉት ወቀሳዎች ልቤን ስለነኩት፣ ፈጭቶ ማከማቸትን የተውንበትን ምክንያት በዝርዝር መጻፍ ግድ ሆኖብኛል።

በርበሬ በዛላው ሳለ በደረቅና በጨለማ ቦታ ከተቀመጠ ቀለሙንና መዓዛውን ለረጅም ጊዜ ይይዛል። ሲፈጭ ግን ቀዩን ቀለም የሚሰጡት ካሮቲኖይድ የተባሉት ንጥረ ነገሮች ለአየርና ለብርሃን ስለሚጋለጡ ቀስ በቀስ ይፈርሳሉ፤ ሙቀትም ያፋጥነዋል። ማቃጠሉ ግን ያን ያህል ቶሎ አይቀንስም፤ የቆየ በርበሬ እያቃጠለ ወጡን የሚያደበዝዘው ስለዚህ ነው። የኮረሪማው፣ የበሶብላውና የነጭ አዝሙዱ መዓዛ ደግሞ በቀላሉ የሚተን ዘይት በመሆኑ ገና ከወፍጮው ሙቀት ጀምሮ ይቀንሳል። ሽምብራም ከአተርና ከባቄላ የበለጠ ቅባት ስላለው፣ ታምሶና ተፈጭቶ ሲከርም የቆየ ዘይት ሽታ ያመጣል። ከምንጃር መርጠን ያመጣነው ሽምብራ በእኛ መጋዘን ውስጥ እንዲህ እንዲሆን አልፈቅድም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እርጥበት ነው። ከተማችን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ በክረምት ጉምና ዝናብ የሚበዛባት ናት፤ የደረቀ በርበሬም ከአየሩ እርጥበት መልሶ ይስባል። እርጥበት ባለበት የሚያድጉ አንዳንድ ሻጋታዎች አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ይፈጥራሉ፤ ይህ መርዝ ወጥ ስለተሠራበት ብቻ አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት በበርበሬና በመሰል ቅመሞች አንድ ኪሎ ውስጥ ከ10 ማይክሮ ግራም በላይ እንዳይገኝ የከለከለውም ስለዚሁ ነው። ዛላ ሲሆን የሚቀነጥሱት እናቶች እየቀደዱ የሻገተውን አይተው ይጥሉታል፤ ከተፈጨ በኋላ ግን ዓይን ሊለየው አይችልም። እንግዲህ ዛላ ማከማቸቱ ይሻላል ወይስ ዱቄት ማከማቸቱ? ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ።

በእሽጉ ላይ የተጻፈው 4 ወር «ከዚያ በኋላ ይመርዛል» ማለት አይደለም። በደንብ ደርቆ የታሸገ በርበሬ ከዚያም በላይ ሳይበላሽ ሊቆይ ይችላል። እኛ የጻፍነው ጣዕሙና ቀለሙ ከወፍጮ እንደወጣ ነው ብለን የምንመሰክርበትን ጊዜ ነው። ውስጡን የሚያሳየውን ፌስታል ትተን ብርሃን በማያስገባው የቀየርነውም ለዚሁ ሲባል ነው። የደበዘዘውን ቀለም በባዕድ ነገር ማሳመር ለሌሎች ቢቀላቸውም፣ ወላጅ እናቴ ዛላ እየቀነጠሰች በጀመረችው ሥራ ላይ እኔ አላደርገውም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የማሸጊያው ዋጋ እጅግ ንሯል፤ በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ መፍጨትም በአንድ ጊዜ ከመፍጨት የበለጠ ወጪ ያስወጣል። የጨመርነው ይህንኑ ለመሸፈን ነው። መንገድ ተቋርጦ ጭነት ባልገባባቸው ጊዜያት ቀብድ ሰጥታችሁ በትዕግሥት የጠበቃችሁንን አልረሳንም፤ ዛሬም ያንኑ ትዕግሥት ጥቂት እንድትጨምሩልን እለምናችኋለሁ።

ለውጭ አገር ቤተሰብ የዓመት ቀለብ የምትልኩ ደንበኞች፣ በትንንሽ እሽግ እናዘጋጅላችኋለን፤ የተቀበለው ሰው የሚጠቀምበትን ብቻ ከፍቶ ሌላውን ሳይከፍት ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጠው። እዚህ ያላችሁም ከምድጃ አጠገብ አታኑሩት፣ በእርጥብ ማንኪያም አትጭለፉት።

ትእዛዝ በሱቃችን በአካልም በስልክም እንቀበላለን፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይደርስላችኋል። ለፍልሰታ ጾም የሚሆን ሽሮ የምትፈልጉ እስከ ሐምሌ 15 ብታሳውቁን፣ ጾሙ ሳይገባ እናስረክባችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ