ግድግዳ ስታይ አትውልም

ውድ አባባ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው እሁድ በስልክ ያልከኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለ። "መጥቼ ምን ልሠራ ነው? እናንተ ሥራ ስትሄዱ ግድግዳ ሳይ ልውል?" አልከኝ። ጎረቤትህ ልጃቸው ዘንድ ሦስት ወር ቆይተው ሲመለሱ የነገሩህን ነው የምትደግምልኝ። እውነቱን ለመናገር ሰውዬው አልዋሹም። መኪና የማይነዳ ሰው እዚህ አሜሪካ ቤት ይታሰራል። ግን አንተን እንዲህ አላደርግህም። በስልክ እንዳላስረዳህ ደግሞ፣ መስመሩ ገንዘብ የሚበላ ይመስል ገና ሳልጀምር "በይ ደህና ሁኚ" ትላለህ። ስለዚህ ጻፍኩልህ። መነጽርህን አድርግና ቀስ ብለህ አንብበው።

መጀመሪያ ጊዜውን ልንገርህ። ልጆቹ ትምህርት የሚጨርሱት ግንቦት አጋማሽ ላይ ነው። የሚመለሱት ሐምሌ ማለቂያ ላይ። አንተም ከእነሱ ጋር ከርመህ ለፍልሰታ አገርህ ትገባለህ። ሐምሌ 19 ቁልቢ እንደሚያመልጥህ አውቃለሁ። ለእሱ ታኅሣሥ አለልህ፤ ገብርኤልም አይቀየምህም። ቅዳሴ ሲያምርህ አትላንታ እንወስድሃለን። በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ነው።

ክረምት የሚለው ቃል እዚህ ቤት ጠብ ያስነሳል። እኔ "የክረምት ዕረፍት" ስል ትልቁ ልጅ በረዶ ይጠብቃል። ክረምት ማለት ዊንተር ነው ብሎ አንድ ሰው አስተምሮታል። ለእኔ ክረምት ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ጊዜ ነው፣ ዘነበም አልዘነበም። በመጨረሻ "ሰመር" ብለን ተስማማን።

ሙቀቱ አያስፈራህም። ሐምሌ ላይ ቀን ቀን 32፣ 33 ዲግሪ ይደርሳል። ለድሬ ሰው ይኼ ምንም አይደለም። ልዩነቱ ወበቁ ነው። ሸሚዝህ ጀርባህ ላይ ይለጠፋል፣ ጥላ ሥር ብትቀመጥም አይለቅህም። አንዳንዴ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ድንገት ይጠቁርና በነጎድጓድ አጥቦን ይሄዳል። ስለዚህ የምንወጣው ጠዋትና ማታ ነው። ቀትር ላይ እንደ ድሬ ሰው እንተኛለን። ማለቴ፣ አንተና ልጆቹ ትተኛላችሁ። እኔ ሥራ ላይ ነኝ።

ባለፈው ዓመት ልጆቹን ካምፕ አስገብተናቸው ነበር። እዚህ ወላጅ ሥራ ሲውል ልጆች ካምፕ ይገባሉ፣ የሚከፈለውም በሳምንት ነው። ዋጋውን ብነግርህ ስለምትቆጣ አልነግርህም። ትንሿ በሦስተኛው ቀን እያለቀሰች መጣች። ወንዝ እናያለን ተብለው ሄደው አዳራሽ ውስጥ ፊልም ሲያዩ ነው የሚውሉት። አስወጣናቸው። ገንዘቡን ግን አልመለሱልንም። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ የሌሊት ሽፍት ገባ። ጠዋት እሱ፣ ከሰዓት እኔ እየተፈራረቅን ይዘናቸው እንወጣለን። ከተማዋን በደንብ ያወቅናትም ያን ጊዜ ነው። ስድስት ዓመት ኖረንባት ከሱፐርማርኬቱና ከመሥሪያ ቤቱ በቀር ምንም አናውቅም ነበር።

ቻታኑጋ ትልቅ ከተማ አይደለችም። ወደ 180 ሺህ ሰው ይኖርባታል። ቴነሲ ግዛት ውስጥ፣ ጆርጂያ ድንበር ጥግ ላይ ናት። ዙሪያዋ ተራራ ነው፣ መሐሏን ወንዝ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ድሮ የብረት ማቅለጫና የፋብሪካ ከተማ ነበረች። ጭሱ በተራሮቹ መካከል መውጫ ያጣ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1969 (የዚህን አገር ዓመት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ) አየሯ ከአሜሪካ ከተሞች ሁሉ የቆሸሸ ነው ተባለ። ዛሬ ብታያት አታምንም። ወንዙ ዳር ሁሉ ሣር ነው።

ወንዙን ስታይ የድሬን ወንዝ፣ ደቻቱን እንደምታስብ አውቃለሁ። እኔም መጀመሪያ ልጆቹን ወደ ውሃው ማስጠጋት ፈርቼ ነበር። በእኛ አቆጣጠር የ1998ቱ የጎርፍ ሌሊት ከሰው ልብ አይወጣም። ቴነሲ ወንዝ ግን እንደ ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ቆይቶ አንድ ቀን አይነሳም። ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ከከተማው ከፍ ብሎ በ1940 የተሠራ ግድብ አለ። ከግድቡ በላይ ያለው ውሃ ሐይቅ ሆኗል። እዚያ ቅዳሜ ሥጋ ይዘን እንሄዳለን። ልጆቹ ዳር ዳር ይዋኛሉ፣ እኛ ጥብስ እንጠብሳለን። ጎረቤቶቻችን ፈረንጆች በጥብሱ ሽታ ተስበው መጥተው ያውቃሉ። በርበሬ ከላክህልን በኋላ አንዱ ሁለት ጊዜ መጥቷል።

በሥራ ቀን ግን የምንሄደው ኩሊጅ ፓርክ ነው። ከወንዙ በሰሜን በኩል ያለ ሰፊ መናፈሻ ነው። ከመሬት ውሃ የሚተፋ ፏፏቴ አለው። ልጆቹ በልብሳቸው ይገቡበታል፣ ከልካይ የለም፣ ክፍያም የለውም። አጠገቡ በእጅ በተቀረጹ የእንጨት እንስሳት የሚዞር መጫወቻ አለ። ትንሿ ሁልጊዜ አንዱን እንስሳ ብቻ ትመርጣለች፣ ሌላ ልጅ ቀድሞ ከተቀመጠበት ተራዋን አሳልፋ ትጠብቃለች። ግትርነቱን ከማን እንደወረሰች አንተ ታውቃለህ። ወንበሮቹ ዛፍ ሥር ስለሆኑ ለአንተ የሚመች ቦታ ነው። ቡና በፔርሙስ ይዘን እንሄዳለን።

ከመናፈሻው ወደ መሐል ከተማ የሚያሻግረው ዋልነት ስትሪት የሚባል ድልድይ ነው። በ1891 የተከፈተ የብረት ድልድይ ነው፣ ርዝመቱ ከ700 ሜትር ይበልጣል። ሲያረጅ ለመኪና ተዘጋ፣ ሊያፈርሱትም አስበው ነበር። የከተማው ሰው እምቢ አለና ታድሶ በ1993 ለእግረኛ ብቻ ተከፈተ። ስትመጣ ለእድሳት ካልተዘጋ ማታ ማታ እንሻገረዋለን። ጉልበትህ እምቢ ካለህ መሐሉ ላይ እንቆማለን፣ ንፋሱ እዚያ ነው ያለው።

በደቡቡ ጫፍ የነሐስ ሐውልቶች አሉ። አንድ ቀን ትልቁ ልጅ "ይኼ ሰውዬ ማነው?" አለኝ። ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። ኤድ ጆንሰን ይባላል። በ1906 ባልሠራው ወንጀል ሞት የተፈረደበት ጥቁር ወጣት ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ልይ ብሎ ቅጣቱን አስቆመለት። በዚያው ሌሊት ሰዎች ከእስር ቤት አውጥተው ድልድዩ ላይ ሰቀሉት። ፍርዱ የተሻረው በ2000 ነው፣ ሐውልቱ የቆመው በ2021። ከእሱ ጋር የቆሙት ሁለቱ ጠበቆቹ ናቸው፣ እነሱም ጥቁሮች ነበሩ። ለስምንት ዓመት ልጅ ይኼን እንዴት ትነግረዋለህ? ባጭሩ ነገርኩት። ቤት እስክንገባ አልተናገረም። ማታ ላይ "ጠበቆቹ አልፈሩም?" አለኝ። እኔ አንተን ስለ ደርግ ስጠይቅህ ዝም የምትለው ነገር ትዝ አለኝ።

ገንዘብ የሚጠይቁትን ባጭሩ ልንገርህ። ወንዙ ዳር በ1992 የተከፈተ ትልቅ የዓሣ ማሳያ አለ። ለአራት ሰው ከመቶ ዶላር ያልፋል። ልጆቹ እጃቸውን ውሃ ውስጥ ከተው ጠፍጣፋ ዓሣ ይዳስሳሉ፣ ፔንግዊንም ያያሉ። በዓመት አንዴ ይበቃል። ሩቢ ፎልስ የሚባል ከተራራ ሥር ያለ ፏፏቴም አለ። በ1928 ሊዮ ላምበርት የሚባል ሰው ዋሻ ሲያስስ አገኘውና በሚስቱ በሩቢ ስም ጠራው። በአሳንሰር ወርደህ በዋሻው ውስጥ በእግር ትሄዳለህ፣ ውሃው ከ40 ሜትር በላይ ይወርዳል። እንደ ድሬው ዋሻ እንደ ለገ ኦዳ ሥዕል የለውም፣ ግን ሐምሌ ላይ ብርድ የምታገኝበት ቦታ ነው። ቤዝቦልም ወስደውናል። ሕጉን ሦስት ሰው አስረድቶኛል፣ እስካሁን አልገባኝም። ቤተ መጻሕፍቱ ግን በነጻ ነው፣ አየሩም ይቀዘቅዛል። ትልቁ ልጅ አራተኛው ፎቅ ላይ የፕላስቲክ ዕቃ የሚያትመውን ማሽን ሲያይ ይውላል።

የእሁዱን ገበያ ትወደዋለህ። ገበሬው ቲማቲሙንና ኮኩን ራሱ ይዞ ይመጣል። እንደ ቀፊራ አይጮህም፣ ዋጋም አይከራከሩም። አንተ ግን ትከራከራለህ፣ እኔ ደግሞ አፍራለሁ። ይሁን፣ ለአንድ ክረምት እችለዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሆን ብዬ ነው ያስቆየሁት።

አባባ፣ ይቺ ከተማ የባቡር ከተማ ናት። ትልቁ ጣቢያ በ1909 የተከፈተ ነው፣ ጣሪያው ጉልላት አለው። የመጨረሻው የመንገደኛ ባቡር የቆመበት በ1970 ነው። ዛሬ ከቻታኑጋ በባቡር ተሳፍረህ የትም አትሄድም። አንዳንዶቹ አሮጌ ፉርጎዎች የሆቴል ክፍል ሆነዋል፣ ሰው ከፍሎ ያድርባቸዋል። መጀመሪያ ሳየው ሳቅሁ። ቀጥሎ የድሬው ሰፈር ከዚራ ትዝ አለኝ፣ ጣቢያው በር ላይ ያለው ፀጥታ።

ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ሌላ ጣቢያ አለ። በ1961 ጥቂት ሰዎች የእንፋሎት ባቡር እንዳይጠፋ ብለው ያቋቋሙት ሙዚየም ነው። ሙዚየም ብልህም ባቡሩ ይሄዳል። ትኬት ትቆርጣለህ፣ ፉርጎ ውስጥ ትቀመጣለህ፣ ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ያህል ነው። መንገዱ ላይ በ1858 በእጅ የተቆፈረ ዋሻ ያሳልፋል። ልጆቹ ጨለማው ሲመጣ ይጮኻሉ። በ1911 የተሠራ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ አላቸው፣ ቁጥሩ 4501 ነው። እሱ የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው፣ አብዛኛውን ቀን የሚጎትተው ዲዝል ነው። ይኼን ስነግራቸው ሌሎች ሰዎች ያዝናሉ። አንተ የምድር ባቡር መካኒክ ግን እንደማታዝን አውቃለሁ።

ባቡሩ ማዶ ሲደርስ ሁሉም ሰው ይወርዳል። ሎኮሞቲቩን ይፈቱና ክብ መድረክ ላይ ያወጡታል። መድረኩ ከነሎኮሞቲቩ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ አፍንጫው ወደ መጣበት ይመለሳል። እናንተ የምድር ባቡር ሰዎች በፈረንሳይኛው የራሳችሁ ስም ይኖራችኋል። ከዚያ ጋራዡን ያስጎበኛሉ። በሩ ላይ ስደርስ ሽታው ቀድሞ መጣ። ናፍጣና ግራሶ። ያንተ ቱታ፣ ማታ ከበሩ ጀርባ የምትሰቅለው። እማማ "ከልብስ ጋር አታገናኙብኝ" የምትለው። አባባ፣ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ትንሿ "ማሚ፣ ጭሱ ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ጭስ ግን አልነበረም።

እዚያ ከሚሠሩት ብዙዎቹ በነጻ የሚያገለግሉ ሽማግሌዎች ናቸው። አንዱን "አባቴ ኢትዮጵያ ውስጥ ምድር ባቡር ጋራዥ ነበር የሚሠራው" አልኩት። ዓይኑ በራ። ወዲያው የጠየቀኝ የሐዲዱን ስፋት ነው። አላወቅሁም! የባቡር ሠራተኛ ልጅ ሆኜ። ቤት ገብቼ ፈለግሁና አንድ ሜትር መሆኑን አየሁ። የእነሱ 1 ሜትር ከ43 ነው፣ የአዲሱ የጅቡቲ ባቡርም እንደዚያው። በሌላ ቅዳሜ ተመልሼ ነገርኩት። "አባትሽን አምጪው" አለኝ። ቋንቋ አትፍራ። ሁለት መካኒክ ሞተር ፊት ቆሞ ምን ቋንቋ ይፈልጋል።

ተራራ የሚወጣም ባቡር አለ፣ ኢንክላይን ይሉታል። በ1895 የተጀመረ ነው። ሁለት ፉርጎ በአንድ ገመድ ታስሮ፣ አንዱ ሲወጣ አንዱ ይወርዳል። ከላይ ጫፉ አካባቢ ቀጥ ያለ ግድግዳ የምትወጣ ነው የሚመስልህ። ይኼንንስ ግድግዳ ብታይ ግድ የለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቁ ልጅ አያቱ ባቡር ይጠግን እንደነበር አያምነኝም። ከሊትሪናዋ ባቡር ጎን ቆመህ የተነሳኸውን ፎቶ አሳየሁት፣ "ቆሞ ነው እንጂ መቼ ይጠግናል" አለኝ። እኔ ለማስረዳት ስሞክር የማውቀው ሽታውንና የእሁድ ጠዋቱን ብቻ ነው፣ እጄን ይዘህ ግቢ ውስጥ ስታዞረኝ፣ ፊሽካውን ሰምተህ የትኛው እንደሆነ ስትነግረኝ። ሞተሩን እኔ አላውቀውም።

ለቪዛው ቃለ መጠይቅ የሚያስፈልገውን ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤልሃለሁ። የባንክ ደብተርህንና የቤቱን ካርታ አትርሳ። ቀጠሮውን ስትይዝ ደውልልኝ። ስትመጣ ደግሞ ከባድ ነገር እንዳትሸከም፤ በርበሬ ኪሎ ተኩል ይበቃናል።

ልጁ አንድ ጥያቄ እንድጽፍልህ አዝዞኛል። ድሬዳዋ ሎኮሞቲቩን የምታዞሩት እንዴት ነበር? እንደዚህ ያለ ክብ መድረክ ነበራችሁ ወይ? መልሱን በስልክ እንዳትነግረው።

ልጅህ