ለሐዋሳ ከተማ የጤና መድን ኃላፊዎች፦ «የለም» የሚለውን ማኅተም ማን ይቁጠረው?

መድኃኒት ሲጠፋ የአዛውንቶች ማዘዣ ላይ ስለሚመታው «የለም» ማኅተም ጥያቄያችንን በማመልከቻ አቅርበን ነበር፤ «ወደሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ተባለና በዚያው ቀረ። እንግዲህ በአደባባይ እንጠይቃችሁ።

መዋጮ በመሰብሰብ በኩል አትታሙም። ያልከፈለ የመድን ደብተሩ አይታደስም፤ ይህን ያላወቀ የለም። ጉዱ የሚመጣው ግፊትና ስኳር ያለባቸው አዛውንት ካርድ ክፍል ተሰልፈው፣ ሐኪም ዘንድ ገብተው፣ በመጨረሻ መድኃኒት መስጫው መስኮት ሲደርሱ ነው። ማዘዣው ላይ «የለም» ይመታበትና ወደ ግል ፋርማሲ ይሸኛሉ። ወጪው በአንድ ማኅተም ከመድኑ ፈንድ ወደ ሽማግሌው ኪስ ዞረ ማለት ነው። ፈንዱ ሳንቲም አላወጣም፣ ተቋሙ አልተጠየቀም፣ በሪፖርታችሁም ላይ አዛውንቱ «አገልግሎት አግኝተዋል»። መድኃኒት በመድኑ ጥቅል ውስጥ መሆኑን ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብንም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ላስረዳ። የግፊት መድኃኒቱ አምሎዲፒን በቀን 1 ፍሬ፣ ለወር 30 ፍሬ ነው። ብር ያጠረው 10 ፍሬ ገዝቶ ቀን እየዘለለ ይውጣል። ግፊት ስለማያም ችግሩ አይታወቀውም፤ የሚታወቀው በስትሮክ እጅና እግር ሲሰንፍ ነው።

ኢንሱሊን ደግሞ ይብሳል። አንዱ ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር ነው፤ በሚሊ ሊትር 100 ዩኒት፣ በጠቅላላው 1,000 ዩኒት። ጠዋት 20፣ ማታ 10 ዩኒት የሚወጉ እናት 33 ቀን ያደርሳቸዋል። ጠዋት 26፣ ማታ 14 የሚወጉ አባት ግን በ25ኛው ቀን ይጨርሳሉ፤ ቀጠሯቸው በ30ኛው ቀን ነው። «ለአንድ ሰው በወር 1 ብልቃጥ» ብሎ የሚያድል መስኮት ለእነዚያ 5 ቀናት ምን አስቦላቸዋል? ወይ ከኪሳቸው ይገዛሉ፣ ወይ መጠኑን ራሳቸው ይቀንሱና ስኳሩ ይወጣል። በዚያ ላይ ሲሪንጅ አለ። በቀን 2፣ በወር 60 ያስፈልጋል፤ ስለማይበቃ አንዱን መርፌ እስኪዶለዱም ይወጉበታል። የስኳር መለኪያ ስትሪፕማ የአንዱ ማሽን ለሌላው ስለማይሆን፣ ያ ዓይነት ከገበያ ሲጠፋ ማሽኑ የልጅ መጫወቻ ይሆናል። ሐኪሙም በቀጠሮ ቀን ባገኘው አንድ ቁጥር መጠን ይወስናል።

መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ ከጥቅሉ ውጭ መሆናቸው ደግሞ ይገርማል። ዝርዝሩን ያወጣው ሰው ገና ጎልማሳ ነበር መሰለኝ። የሲሪንጁን ቀጫጭን መስመሮች ያለ መነጽር በየትኛው ዓይናቸው ይቁጠሩ?

ክትባቱም ያው ነው። ሳንባ ምች የሚያመጣውን ባክቴሪያ የሚከላከለው የኒሞኮካል ክትባት ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕፃናት በነጻ ይሰጣል፣ መልካም። ያ ባክቴሪያ ግን ሽማግሌንም ይጥላል፤ በሌሎች አገሮች አረጋውያንም ይከተቡለታል። የእኛዎቹ ጤና ጣቢያ ፍሪጅ ውስጥ ያለው በሕፃናት ቁጥር የተቆጠረ ስለሆነ ለእነሱ አይደርስም። በየዓመቱ የሚታደሰውን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የፈለገ የግል ክሊኒክ ይጠይቅ፣ ከተገኘም ይክፈል። ከከፈለም በኋላ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ብልቃጡ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየቱን፣ በተለይም በረዶ አለመሥራቱን ማን ያረጋግጥለታል? በረዶ የሠራ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ቢወጉት አይጠቅምም። «አረጋዊን ለይቶ መከተብ ከባድ ነው» እንዳትሉ፣ በ2013 ዓ.ም. የኮቪድ ክትባት ሲመጣ ከ65 ዓመት በላይ ያሉት ተለይተው፣ ተመዝግበው፣ በነጻ ተከትበዋል።

ሂሳቡን በእናንተው መንገድ እንኳ እንየው። ሳንባ ምች ይዞት የተኛ አዛውንት ኦክስጅን፣ አልጋ፣ ሴፍትሪአክሶን የሚባል የመርፌ አንቲባዮቲክ ለቀናት ያስፈልገዋል። ይህን የሚከፍለው ፈንዱ ነው፤ መድኃኒቱ «የለም» ካልተባለ።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። «የለም» የተመታበት ማዘዣ ሁሉ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና ቀኑ ተጽፎ ቅጂው እናንተ ዘንድ ይቅር። አዛውንቱ ከውጭ የገዙበት ደረሰኝ ከፈንዱ ይተካ። ደረሰኝ የሚመለስበት አሠራር ካለም ከአላሙራ በባጃጅ የሚመጡት እናት እንዲያውቁት መስኮቱ ላይ ለጥፉት። ኢንሱሊን በብልቃጥ ሳይሆን በዩኒት ተሰልቶ ይታደል።

እስከዚያው ድረስ ባለፉት ሦስት ወራት በከተማዋ ስንት ማዘዣ ላይ «የለም» እንደተመታ ቁጥሩን አውጡልን። ቆጥራችሁ የማታውቁ ከሆነም እሱኑ ጻፉ።